አንድ ጫማ ለማውለቅ

ሶሮካ፣ በምኩራብ «ኖኅ» በሚነበብበት ሳምንት፣ 1909

ለወንድሜ ልጅ ለዙስማን፣ ዕድሜው እንደ ዛፍ ዕድሜ ይሁን።

ሰላምታዬ ውቅያኖሱን ተሻግሮ በጤና ያግኝህ። እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ብርዱ ከመድረሱ በፊት ጉልበቴ ይነግረኛል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። ዘንድሮም የዝይ ላባ እየነጨሁ ትራስ እሰፋለሁ።

ወንድምህ ኖተ፣ ማረፊያው ገነት ይሁን፣ ከሞተ ዓመቱ እየተቃረበ ነው። አጥር ሲወጥር መብረቅ በሽቦው በኩል እንደመታው ከጻፍክልኝ ወዲህ ሰማይ ባጉረመረመ ቁጥር እጄ ሥራ ይፈታል።

የምጽፍልህ ስለ ሚስቱ ስለ ብሉማ ነው። እሷም ጽፋልኛለች። ሌይዘር የሚባል ኮርቻ ሰፊ ለጋብቻ ጠይቋታል። ሚስቱ የሞተችበት፣ ጨዋ ሰው ነው አለችኝ። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ልጅ የማግኘት ተስፋዋን አልቆረጠችም። ግን ልጅ ሳትወልድ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ዋርሳዋ ካላገባት ወይም በሦስት ዳኞች ፊት ጫማውን አስፈትቶ ካልለቀቃት፣ ለሌላ ሰው እንደማትሆን አንተም ታውቃለህ። አንተ እንደማታገባት ነግረሃታል። እንግዲያው ልቀቃት፣ ልጄ። በመካከላችሁ ያለው አንድ አጥር ነው። የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።

በሰርጋቸው ቀን እንደ ወጉ «ወንድሜ ቢሞት ሚስቱን ያለ ዋጋ እለቃለሁ» ብለህ ፈርመሃል። መብራት የያዝኩልህ እኔ ነበርኩ። ቀለሙን በአዲሱ ሱሪህ ላይ ጠርገህ እናትህ፣ ነፍሷን ይማር፣ ጆሮህን ቆንጥጣሃለች። ይህን እንደማትረሳው አውቃለሁ።

ደጅህን መልካም ዜና ያንኳኳው።
አክስትህ ሶስያ


ቪላ ሪብቃ፣ እንትሬ ሪዮስ፣ «ዮሴፍና ወንድሞቹ» በሚነበብበት ሳምንት፣ 1909

ለክብርት አክስቴ ለሶስያ፣ ጤናና ዕድሜ ይብዛልዎ።

ደብዳቤዎ ደረሰኝ፤ በጤናዎ ደስ አለኝ። እኔን ሥራ ነው የያዘኝ። ስንዴው ደረቴ ድረስ ነው። አንበጣው ዘንድሮ በሰሜን በኩል አለፈ፤ የጎረቤቴን የባሩኽን የከብት መኖ፣ አልፋልፋውን፣ ጠርጎ በልቶ የኔን ሳይነካ ሄደ። ባሩኽ «አንበጣም ይፈራሃል» ይለኛል። «ዙስማን፣ ተኝተህም ታርሳለህ ይባላል» ሲለኝ፣ «አዎ፣ አንተ ነቅተህም ስለምትተኛ የሁለታችንን ድርሻ እሠራለሁ» አልኩት። ከኔ መሬት ሌላ ባለፈው ዓመት ወደ ከተማ የገባውን የኦድሳውን ሰውዬ መሬት ወስጃለሁ። አምስት ዓመት ሙሉ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያልተነሳሁበት ቀን የለም።

ስለ ብሉማ ላሉት፤ ማን ጠላ? ግን እዚህ እንደ ሶሮካ አይደለም። ሕጉን የሚያውቁ ሦስት ዳኞች ከየት አመጣለሁ? አራጃችን ላም ማረድና ሕፃን መግረዝ ያውቃል፤ ከዚያ ያለፈውን ሲጠይቁት ያስለዋል። ጫማውስ? ሚስማር የሌለው፣ በቆዳ ብቻ የተሰፋ፣ ጠፍሩም እንደ ሕጉ መሆን አለበት። እኛ እዚህ የምንጫማው የገመድ ሶል ያለው የጨርቅ ጫማ ነው። ከመከር በኋላ እናያለን።

ፊርማውን ካነሱ ደግሞ፣ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አሥራ ሦስት ያልሞላው ልጅ ፊርማ በሕጋችን ከዶሮ ጫር አይሻልም። ራቢውን ይጠይቋቸው።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ለብሉማ ሲጽፉላት፣ ያን የሚያህል መሬት ለብቻዋ ሴት ሸክም መሆኑን ይንገሩልኝ። እርስዎን ትሰማለች።

ክረምቱ ይቅለልዎ።
ዙስማን


ሶሮካ፣ «አሥሩ ቃላት» በሚነበብበት ሳምንት፣ 1910

ለዙስማን፣ ክፉ ዓይን አይይህ።

እንዳልከኝ ራቢውን ጠየቅኋቸው። የመጽሐፋቸውን ገጽ በጣታቸው ይዘው ሰሙኝ።

«ልጁ እውነቱን ነው» አሉ። «ፊርማው አይቆጠርም።»

«ታዲያ የሚቆጠረው ምኑ ነው?»

«እግሩ» አሉኝ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ጫማ ሰፊው ወደ ሄኖኽ ሄድኩ። ሚስማር የሌለው የቀኝ እግር ጫማ ስፋልኝ ስለው ለምን እንደሆነ ገባውና «መጠኑስ?» አለኝ። «ከሄደ አምስት ዓመቱ፤ በምን አውቄ» አልኩት። «እናንተ ሴቶች፣ የወንድን ሆድ እንጂ እግሩን ለክታችሁ አታውቁም» ብሎ ሳቀብኝ። ቤት ተመልሼ የአባትህን የክረምት ቦቲ ከሣጥን አወጣሁ። ልጅ ሆነህ እግርህ የእሱን ይመስላል ይሉህ ነበር። በእሱ ልክ ሰፋው። ጥሩ ጫማ ነው፤ ስፌቱ አይታይም።

ወደ እናንተ የሚመጡት የሽሙኤል ቤተሰቦች ይዘውልሃል። ቆዳው ከምኩራቡ ዕቃ ቤት የወጣ ስለሆነ፣ ሥርዓቱ ካለቀ በኋላ በመንገደኛ መልሰህ ላክልን። ለሌላ ሴት ይሆናል።

ዳኞቹን ከዋናው ከተማ ማስመጣት ይቻላል አሉ ራቢው፤ መንገዱ የአንድ ቀን ባቡር ነው፤ ልማድም አላቸው።

ለብሉማ ስለ ሸክሙ አልጻፍኩላትም። ያን መሬት ከኖተ ጋር ሆና ስትመነጥር እጇ እንዴት እንደላጠ ያኔ እዚያ እንደደረስክ የጻፍክልኝ አንተው ነህ። ሸክም መሆኑን ከኔ አትማርም።

ይኸው መከሩም አልቋል።
ሶስያ


ቪላ ሪብቃ፣ «ሰላዮቹ» በሚነበብበት ሳምንት፣ 1910

ለክብርት አክስቴ፣ ሰላም ለቤትዎ።

በመዘግየቴ ይቅርታዎን። ዘር ላይ ነን፤ ከበሬ ጀርባ ሆኖ ደብዳቤ አይጻፍም።

ጫማው ደርሷል። ልኬ ነው፤ ሄኖኽን ያመስግኑልኝ። ነገር ግን ወረቀትዎ ላይ «መልሰህ ላክልን» ብለዋል። ከዋናው ከተማ ለመጣ አንድ የሕግ አዋቂ አሳየሁት። ጫማው የዋርሳው የራሱ ንብረት መሆን አለበት፤ የተዋሰው ጫማ ቢወልቅ ሴትዮዋን ነጻ ስለማውጣቱ ዳኛ ሁሉ አይስማማም አለኝ። እኔ ምን ላድርግ? ነገ ሌይዘር አግብቷት ልጅ ብትወልድ፣ ልጁ ላይ አፍ ይከፈታል። ለእሷው ብዬ ነው።

ብሉማ አጥሩ ጋ መጥታ ነበር።

«ጫማው መጣ አይደል?» አለችኝ።

«መጣ።»

«ታዲያ?»

«የተውሶ ነው።»

«አንተን ደግሞ የሰው ነገር መጠቀም ከመቼ ወዲህ ነው የሚያስጨንቅህ?» አለች። «ከብቶችህ ጅረቴ ውስጥ ቆመዋል።»

ምላሷን ያውቁታል።

እንግዲህ ካነሳነው ግልጹን ልንገርዎ። ጅረቱ የሚያልፈው በእሷ በኩል ነው። የኔ ሁለቱ መሬቶች ውሃ የላቸውም። እሷ ሌይዘርን ስታገባ በወንድሜ ውሃ ላይ ኮርቻ ሰፊ ይቀመጣል። አንድ ፈር ቀጥ አድርጎ የማያርስ ሰው! ኖተ የሞተው ያን አጥር ሲወጥር ነው፣ እኔም ሌላኛውን ጫፍ ይዤ ነበር። ስለዚህ መሬት በሰጠን ማኅበር ጽሕፈት ቤት መሬቱን በስሜ ታዙርልኝ፤ እኔም በማግስቱ እግሬን እዘረጋለሁ አልኳት። ባዶ እጇን አልሰዳትም፤ ሁለት ላምና አንድ ጋሪ እሰጣታለሁ።

አይቆጡኝ። የአባቴን ትንባሆ ያስታውሱ። ቅጠሉ ደርሶ፣ ገመዱ ተዘርግቶ፣ ባለርስቱ በፈረስ መጥቶ በአንድ ጠዋት አስወጣን። አይሁዳዊ መሬት በማይገዛበት አገር የአንድ ዓመት ኮንትራት ምን ዋጋ አለው? ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ቅጠል እየሰካሁ ነበር። መርፌውን እንኳ አላስወጡኝም። እዚህ መሬት ለአይሁዳዊ በስሙ ይጻፋል። ይህን የሚያውቅ ሰው ቀና ብሎ ሳያይ ያርሳል።

ለብሉማ ይጻፉላት። አንድ ቃል ከእርስዎ ይበቃታል።

ዙስማን


ሶሮካ፣ የዋርሳው ሕግ ራሱ በሚነበብበት ሳምንት፣ 1910

ለዙስማን።

ራቢው «መልሰህ ላክልን» ማለቴን ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ። «ሶስያ፣ ያችን አንድ ቃል ምን አስጻፈሽ?» አሉኝ። ቆዳ እንዳይባክን ብዬ ነው። ድሃ ሴት ሌላ ምን ታስባለች? አሁን በእሳቸውና በሄኖኽ ፊት ይህን እጽፋለሁ፤ ሁለቱም ከሥር ፈርመዋል። ጫማው ያንተ ነው፤ ለዘለዓለም ያንተ ነው። ብትፈልግ ተቀበርበት።

ስለ ትንባሆው እኔም አስታውሳለሁ። አንተ ቅጠል ስትሰካ እኔ ገመዱን ይዤ ነበር። የማታስታውሰው አንድ ነገር አለ። በዚያው በጋ አባትህ ባርኔጣውን አውልቆ ኮንትራቱን እንዲያድስለት ባለርስቱን ለምኖት ነበር። ሰውዬው አልጮኸበትም፤ አልሰደበውም። ረጋ ብሎ «ከመከር በኋላ እናያለን» ነው ያለው። ይህን ቃል በደብዳቤህ ሳነበው ከየት እንዳመጣኸው ሳስብ ሰነበትኩ። አንተ ያኔ ከአባትህ ጎን አልነበርክም፤ ማንም አልነገረህም። ራስህ ነህ ያገኘኸው።

ብሉማ ከእህል ይልቅ ጊዜ እያለቀባት ነው። አንተ ታውቃለህ፤ ለዚህም ነው የማትቸኩለው። ሌይዘር እስካሁን ይጠብቃታል። እሷ ለመሬቱ አሥራ አንድ ዓመት ሰጥታለች፤ አሁን አንዱን ምረጪ ብለሃታል። ለማን ምን ብዬ እንድጽፍ ነው የምትፈልገው? «ስጪው» ብዬ? አልጽፍም። «አትስጪው» ብዬ? ይህንንም አልቻልኩም፤ ዓመቶቿን እኔ አልመልስላት።

ሕጉ ትናንት በምኩራብ ሲነበብ በሴቶች በኩል ባለው መጋረጃ ጀርባ ቆሜ ሰማሁት። ስምህን በልቤ ጠራሁ። ምርቃት አልነበረም።

ሶስያ


ቪላ ሪብቃ፣ «ባሕሩ የተከፈለበት» በሚነበብበት ሳምንት፣ 1911

ለአክስቴ ለሶስያ።

የጠየቁት ሆኗል። ብሉማ በጽሕፈት ቤቱ ፈርማለች። ጸሐፊው «ገብቶሻል?» ሲላት «ለኔ አንብበህ ልታስረዳኝ አትድከም፤ ይህን መሬት ከወረቀቱ በፊት አውቀዋለሁ» አለችው። ላሞቹንና ጋሪውን አልወሰደችም። ኩራት ነው እንግዲህ።

በማግስቱ በአራጁ ቤት ተሰበሰብን። ሁለት ዳኛ ከከተማ መጣ፤ ሦስተኛው አራጁ ሆነ። ሰፈሩ በሙሉ ሥራ ፈትቶ መስኮት ላይ ተንጠልጥሏል። እግሬን ታጠብኩ፤ ጫማውን አጠለቅሁ፤ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። እሷ እንደ ልማዱ ጾማ ነው የመጣችው። ጎንበስ ብላ ጠፍሩን በቀኝ እጇ ፈታች፤ ጫማውን አውልቃ ወረወረችው። ከዚያ ከፊቴ መሬት ላይ ተፋች። ሦስቱ ዳኞች ምራቁን ማየት አለባቸውና መነጽራቸውን አስተካክለው አጎነበሱ። አንዱ «አላየሁትም» ብሎ ሊያስደግማት ነበር፤ ደግነቱ ሌላው አሳየው።

ቃሉን አራጁ አንድ በአንድ ያስብላት ነበር። «የወንድሙን ቤት በማይሠራ ሰው ላይ እንዲህ ይደረጋል» የሚለው ላይ ስትደርስ ግን አልጠበቀችውም። በቃሏ አጥንታው ኖሯል። ዓይኔን እያየች ነው የጨረሰችው። ሕዝቡ እንደ ሥርዓቱ «ጫማው የወለቀ! ጫማው የወለቀ! ጫማው የወለቀ!» አለ። ይህ ሥርዓት ነው፤ ለማንም ይባላል፤ ስድብ አይደለም። ሕግ አዋቂው ራሱ ነግሮኛል። ግን ከሚገባው በላይ ጮኹ።

አንድ እግሬ ባዶ ሆኖ ስወጣ ባሩኽ በር ላይ ቆሞ «ዙስማን፣ ሁለተኛውንም አውልቅ እንጂ፤ ምናልባት ሌላ መሬት ይወጣዋል» አለኝ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

ጅረቱ አሁን በኔ መሬት ያልፋል። ትናንት ከብቶቹን ራሴ ነዳሁ።

ዙስማን


ቪላ ሪብቃ፣ «ሰላዮቹ» በሚነበብበት ሳምንት፣ 1911

ለክብርት አክስቴ፣ ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርዎ።

አልመለሱልኝም። መርከብ በመጣ ቁጥር ፖስታ ቤት እሄዳለሁ። ታመው ይሆን? አልታመሙም፤ ሽሙኤል ከእናቱ ደብዳቤ ደርሶታል፤ በገበያ አይታዎታለች።

ብሉማና ሌይዘር ተጋብተው ባቡር ጣቢያው ወዳለበት ከተማ ሄደዋል። ኮርቻ ይሰፋል አሉ፤ እሷ ትቆርጥለታለች። ሁለቱም ደህና ናቸው። እንግዲህ ማን ተጎዳ?

እኔ ቤት ሠርቻለሁ፤ አራት ክፍል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ። ወጥ የሚሠራልኝ የለም። ማቴ የሚሉትን የአገሩን ቅጠል እንደ ሻይ አፍልቼ እየጠጣሁ እውላለሁ። ባለፈው ሰንበት ወደ ምኩራብ ስገባ ዘጠኝ ሆነው ቆመው ነበር። አሥር ካልሞላ ጸሎት አይጀመርምና በሩን በጉጉት ያያሉ። እኔ መሆኔን ሲያዩ ፊታቸውን መለሱ፤ ግን ጸሎቱን ጀመሩ። ቆጠሩኝ ማለት ነው። ሲያልቅ ሁሉም እርስ በርሱ «ሰላም ሰንበት» ተባባለ። ማንም ወደኔ አልመጣም። ለባሩኽ «ያለ እኔ አትጸልዩም ነበር» አልኩት። «አዎ፣ ለዚህም ነው የከፋን» አለኝ።

አጉል ቅናት ነው፤ ያልፋል። የሚያስፈልገኝ ሚስት ናት። እዚህ ያሉት አባቶች ልጆቻቸውን ይደብቁብኛል፤ ከሶሮካ ይፈልጉልኝ። ጤነኛ፣ ሥራ የማትፈራ፣ ይዛ የምትመጣው ሀብት ባይኖራትም ግድ የለኝም። ሦስት መሬትና ጅረት እንዳለኝ ይንገሯቸው። የጫማውን ነገር አያንሱ፤ ምን አገባቸው?

የመርከብ ትኬት አብሬ ልኬያለሁ፤ የእርስዎ ነው። ሙሽራይቱን ይዘው ይምጡ፤ የእሷን ትኬት ስሟን ሲጽፉልኝ እልካለሁ። ምሥራቅ በኩል ያለውን ክፍል ለእርስዎ አስቤዋለሁ፤ ፀሐይ ይገባበታል፤ ለጉልበትዎ ይሻላል። ከመስኮቱ ዓይን እስከሚያይ ድረስ የኛ ነው። የኛ፣ አክስቴ። አባቴ ቢያይ ምን ይል ነበር?

የሚናፍቅዎ
ዙስማን


ሶሮካ፣ ከስርየት ቀን ማግስት፣ 1911

ለወንድሜ ልጅ ለዙስማን።

ትኬቱ ደረሰኝ። ሦስት ቀን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ እየዞርኩ አየሁት። ውሸት አልጽፍልህም፤ መምጣት ፈልጌ ነበር። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ማንም «ውጪ» በማይለኝ መሬት ላይ ወንበር አውጥቼ መቀመጥ እፈልጋለሁ። ካንተ ሌላ ዘመድ የለኝም። ይህን አንተም ታውቃለህ፤ አንተ ሰው የሚያስፈልገውን ማወቅ አያቅትህም።

ሚስት ያልከውን ሞከርኩ። ሻማ የምትሸጠውን ጊተልን አነጋገርኳት፤ ቶይበ የምትባል ልጅ አለቻት፤ ዝምተኛ፣ እጇ የማያርፍ ልጅ ናት። አሥር ጊዜ አስቤ ነው የሄድኩት፤ ምናልባት ልጅቷ ታስተካክለዋለች ብዬ። ጊተል ስለ መሬቱ ስነግራት እጇን በሽርጧ ጠርጋ ተቀመጠች። ስለ ጤናህ ጠየቀችኝ፤ ስለ ጸሎትህ ጠየቀችኝ። ከዚያ ሴት ልጅ ያላት እናት ሁሉ ከሰርግ በፊት የምትጠይቀውን ጠየቀች።

«ወንድሞች አሉት?»

«አንድ ነበረው» አልኳት። «ሞቷል።»

ፊቷ በራ። ለሐዘኑ ወግ ያህል ከንፈሯን መጠጠችና «ተመስገን!» አለች። «ወንድም ከሌለውማ፣ ክፉ ቢመጣ ልጄን አንቆ የሚይዝብኝ የለም። የእህቴን ልጅ ዋርሳዋ ስድስት ዓመት አስሮ አስረጅቷታል። እንዲህ ያለ ባል ነው እኔ የምፈልገው!»

ሳቀች፤ ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ። ሻይ ልትቀዳልኝ ተነሳች። ሻይ እየቀዳች ሳለ «የሟቹ ሚስትስ? አገባች?» አለችኝ፤ እንዲያው ለጨዋታ ያህል። ነገርኳት። አንተ እንዳታነሺ ያልከኝን ሁሉ፣ ከዶሮ ጫር እስከ ጅረቱ፣ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። መጀመሪያ አላመነችኝም። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀመጠችው።

«አክስቱ አይደለሽም እንዴ?» አለችኝ። «ለምን ትነግሪኛለሽ?»

«ስለጠየቅሽኝ» አልኳት።

ሻዩን አላስጠጣችኝም። ቅር አላለኝም።

ጊተል የሰማችውን በሶሮካ የማይሰማ የለም፤ ስለዚህ ለሌላ አማላጅ ለመጻፍ አትድከም። እዚህ ያሉ እናቶች ስምህን ያውቁታል።

ብሉማ ጽፋልኛለች። ስለ ቆዳ፣ ስለ መርፌ፣ ስለ ባቡሩ ጩኸት ትጽፋለች። ስለ ልጅ አትጽፍም፤ እኔም አልጠይቅም። አንተ «ማን ተጎዳ?» ብለሃል። እኔ አላውቅም፣ ዙስማን። አንድ ዓመት ቢቀድም ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ሦስቱም ዳኞች ቢያጎነብሱ አያዩትም።

አባትህ ቢያይ ምን ይል ነበር ብለህ ጠይቀሃል። መጀመሪያ መሬቱን ባየ ጊዜ ያለቅስ ነበር፤ ይህን አውቃለሁ። ቀጥሎ «የኖተ ሚስት የት አለች?» ይልሃል። ምን እንደምትመልስለት ሳስብ ስላቃተኝ ነው ደብዳቤዬ የዘገየው።

ትኬቱን በዚሁ ፖስታ መልሼዋለሁ። ምሥራቅ ያለው ክፍል ፀሐይ ይግባበት።

እግዚአብሔር ዝናቡን በጊዜው ይስጥህ። ሌላ ምርቃት ፈልጌ አጣሁ።

ሶስያ